ማዳመጥ የምታውቅ ልጅ

መጀመሪያ ቢሮዬ የመጣችው ሳይኮሎጂ አልማርም ለማለት ነበር።

ሚዛን ከተማ ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና አዲስ ስለነበር ግድግዳው ቀለም ቀለም ይሸታል። ከመማሪያ ክፍሎቹ እስከ መምህራን ቢሮ ያለው መንገድ ጭቃ ነው፤ ክረምት ላይ ቡትስ ያላደረገ ሰው ግቢውን አይሻገርም። እኔ እዚያው ጎን ያለችው የአማን ልጅ ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ አማን ላይ ሱቅ የከፈተ፣ እዚያው ወልዶ እዚያው የቀረ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ሳይኮሎጂ ተምሬ ስመለስ የሰፈራችን ሰው «የሰው ሐሳብ ታነባለች» ይለኝ ነበር። አንዳንዱ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ይሰብራል። ዲፓርትመንቱ ግን ያን ያህል አልጠበቀብኝም፤ ገና ከመድረሴ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አማካሪ አድርጎ መደበኝ።

የአማካሪ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ምዝገባ ሲደርስ ተማሪው የሚወስዳቸውን ኮርሶች ሞልቶ ይመጣል፤ አማካሪው ያያል፤ ቀድሞ ማለፍ የሚገባው ኮርስ ካለ ይነግረዋል፤ ከዚያ ይፈርምና ወደ ሬጅስትራር ይልከዋል። በሩ ሲዘጋ ግን የሚመጣው ሌላ ነው። አንዱ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ ፈተና ያለፈበት ነው፤ አንዷ አርግዛ ለማን እንደምትናገር የጨነቃት ናት። አብዛኞቹ ደግሞ ሳይኮሎጂን ሳይመርጡ ተመድበው የመጡ ናቸው።

እሷም ከነዚህ አንዷ ነበረች። ከሸካ፣ ከጌጫ ነው የመጣችው። ቀጠን ረዘም ያለች፣ ጸጉሯን ወደኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ የደጋ ልጅ ስለሆነች የሚዛን ሙቀት ያልተስማማት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የያዘችውን ወረቀት ሳትሰጠኝ እጇ ላይ ታሽከረክረው ጀመር።

«መምህር፣ እኔ የሞላሁት ሕግ ነበር።»

«ሳይኮሎጂ ስንተኛ ምርጫሽ ነው?»

«አልሞላሁትም። የተረፈ ቦታ ሆኖ ነው የደረሰኝ።»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የእብድ ትምህርት ነው አሉኝ።»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከእህት ወንድሞቿ ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሷ ብቻ ናት፤ እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ዳኛ ልትሆን ነው» ብላ አስወርታለች። አሁን ምን ልትላት ነው? ለአንድ ሴሚስተር ተመዝግባ እንድትማርና ሕግ ክፍል ቦታ ከተገኘ ዝውውር እንደምጠይቅላት ነገርኳት። ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ፈረምኩበት። ስትወጣ አመሰገነችኝ፤ ፊቷ ግን አላመሰገነኝም።

በዚያ ሴሚስተር የማስተምረው የምክር አገልግሎት መግቢያ ነበር። ክፍል ውስጥ አንድ ልምምድ እናደርጋለን። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ የሚያሳስበውን ነገር ይናገራል፤ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጥና የሰማውን በራሱ ቃል ይመልስለታል። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። ግን ማንም አይችለውም። ተናጋሪው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ አዳማጩ «አይዞህ»፣ «ጸልይበት»፣ «እኔም እንደዚህ ሆኜ ነበር» እያለ ይገባበታል።

የእሷ ተራ ሲደርስ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ቀልደኛ የሚባል ልጅ ነበር። ስለጠፋበት ቦርሳ እያሳቀ ጀመረ። እሷ አልሳቀችም፤ ፊቷንም አላጠቆረችም፤ ዝም ብላ ታየዋለች። ልጁ ከቦርሳው ወደ ስልኩ ሄደ፤ ከስልኩ ወደ ወንድሙ። ወንድሙ በሱዳን በኩል ወጥቶ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። ልጁ ጨርሶ ቀና ሲል እሷ ቀስ ብላ «የደወለልህ ቀን አላነሳህለትም። የከበደህ እሱ ነው» አለችው። ልጁ እንደዚያ ብሎ አልተናገረም ነበር፤ ስልክ መደወሉንም ያነሳው በጨረፍታ ነው። አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ፤ እሷም እስኪያበቃ አብራው ተቀመጠች።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ የዝውውር ማመልከቻውን አዘጋጅቼ ጠበቅኳት። መጣች፤ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

«ሕግ ክፍል ቦታ አለ ብለዋል» አልኳት።

«እዚሁ ልቆይ፣ መምህር።»

«እናትሽስ?»

«እናቴ ዳኛ ምን እንደሚሠራ አታውቅም። ሰው ሲጣላ የሚሰማ ነው የሚመስላት። እኔም ሰው ነው የምሰማው አልኳት፤ ደስ አላት።»

ከዚያ በኋላ ምዝገባ በመጣ ቁጥር እሷ ስትገባ ደስ ይለኝ ጀመር። የምንጨርሰው ጉዳይ የደቂቃ ነው፤ ግን ትቆያለች። ዶርሟ ውስጥ ማታ ማታ ልጆች አልጋዋ ጫፍ ላይ እየተቀመጡ የሆዳቸውን እንደሚያወሯት ከሌሎች ሰማሁ። እሷ ራሷ አንድም ቀን የአንዷን ወሬ አላመጣችልኝም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳሉ እናቴ ሞተች። ከሐዘን ስመለስ ምዝገባ ላይ ደረስኩ፤ ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈዋል። አንድ በአንድ እየገቡ «እግዜር ያጥናዎት» ይሉኛል፤ «አሜን» እላለሁ፤ እፈርማለሁ። እሷ ስትገባ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ምንም ሳትል ተቀመጠች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ለባሌም ለአባቴም ያላወራሁትን ነገር አወራሁላት። እናቴ በመጨረሻ ሰሞን ስሜን ረስታ በሟች እህቷ ስም ትጠራኝ ነበር።

«እና አቤት አሏት?» አለችኝ።

«አልኳት።»

«ጥሩ አደረጉ።»

በቃ ይኼን ብቻ አለች። ሰልፉ ውጭ እየጠበቀ ስለነበር ዓይኔን ጠረግኩና ፈረምኩላት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የሚያጽናና ነገር የነገረኝ ሰው ብዙ ነው፤ ትዝ የሚለኝ ግን የእሷ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በጋው ጠንክሮ ወባና ተስቦ ከተማውን ባስጨነቀበት ወቅት፣ ታመመች። የዶርም ጓደኞቿ ወባ ነው ብለው ነበር። አንገቷ አልንቀሳቀስ ሲል ነው ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሷት። ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ልጠይቃት ስሄድ አልጋው ሥር ሲሚንቶው ላይ ጋቢ አንጥፋ የተቀመጠች ሴት አገኘሁ፤ እናቷ ናት። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የምትለው።

«አንተ አስተማሪ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ልጄ አንተን ትናገራለች።» ከዚያ እጄን ይዛ ወደ አልጋው ጎተተችኝ። «ጥራት። አንተን ትሰማለች።»

ስሟን ጠራሁ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ከደነች። የሰማችኝ መስሎኝ ተደሰትኩ።

ዳነች። ብዙ ሰው የሚሞትበት በሽታ ስለሆነ መዳኗ ብቻ ለሁላችንም በቂ ሆኖ ነበር። ወደ ክፍል ስትመለስ ከስታ፣ ነጠላ ተከናንባ፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመረች። የምጠይቃትን ሁሉ «እሺ» ትላለች፤ ፈገግ ትላለች። ድካሙ አልለቀቃትም አልኩ።

ዝናቡ ነው የገለጠው። ሚዛን ዝናብ ሲጀምር አያስጠነቅቅም፤ ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድ ትምህርት ይቆማል፤ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ በመስኮት ያያል፤ ተማሪዎቹ በምልክት ይሳሳቃሉ። ያን ቀን እሷ ክፍሉ ፊት ቆማ የቡድን ሥራ ታቀርብ ነበር። ሰማዩ ተዘረገፈ። ሁሉም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ጣሪያው ቀና አለ። እሷ ግን አላቆመችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ገጽ ትገልጣለች፤ አንድም ቃል አይሰማም። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ቀጥሎ ሳቁ ከኋላ ወደፊት እየሞተ መጣ። እሷ ጨርሳ ቀና ስትል ሁላችንም እያየናት ነበር። ፊታችንን አየች፤ ከዚያ በመስኮቱ ዝናቡን አየችው። ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ ቦታዋ ሄደች።

ትምህርቱ ሲያበቃ ወደ ቢሮ ወሰድኳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አፌን ነበር የምታየው። ደግሜ ጠየቅኳት።

«ግራው ጆሮዬ ከሆስፒታል ስወጣም አልነበረም። ቀኙ ነበር። እየሄደ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፕራክቲከም እንዳይከለክሉኝ ብዬ።»

ፕራክቲከም የሚባለው የሦስተኛ ዓመት ኮርስ ነው፤ ተማሪዎቹ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው ችግር ላይ ካለ ሰው ጋር ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት። ከገባች ጀምሮ የምትጠብቀው እሱን ነበር።

ክረምቱን አጎቷ ጅማ ወሰዳት። ሐኪሙ ነርቩ ነው የተጎዳው፣ መድኃኒት የለውም አላት። የጆሮ መሣሪያ ሞክረውላት ነበር። መስከረም ላይ ስትመጣ መሣሪያው ቦርሳዋ ውስጥ እንጂ ጆሮዋ ላይ አልነበረም። «ጩኸት ያመጣልኛል፣ ቃል አያመጣልኝም» አለች። ድምፅዋ መለወጥ ጀምሯል፤ ከአፍንጫዋ የሚወጣ መስሏል።

የሦስተኛ ዓመት ምዝገባ እንዲህ ሆነ። ወንበሬን አዙሬ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲያርፍ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ቀስ እያልኩ ተናገርኩ፤ አልገባት ያለውን ጻፍኩላት። ኮርሶቹን እያየን ስንወርድ ፕራክቲከም ላይ ደረስን። ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

«ልሞክር» አለች።

ወደ ዲፓርትመንቱ ኃላፊ ይዣት ሄድኩ፤ እሷን ውጭ አስቀምጬ ብቻዬን ገባሁ። ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቅን ሰው ነበር። ጉዳዩን ሲሰማ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

«እኔ ልከልክላት አልልም» አለ። «ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ከሁሉም ትበልጣለች። ግን እዚያ የምታነጋግረው ሰውስ? ችግሩን ሊናገር የመጣው ሰው ምን በደለ?»

«እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ።»

«ኮርሱ የሚመዘነው በማዳመጥ ነው።»

«ማዳመጥ ከሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

ሁለታችንም የተናገርነው እውነት ነበር። በስተመጨረሻ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እኔ ባለሁበት እንድትሞክር ተስማማን። ወጥቼ ስነግራት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ትምህርት ቤቱ የሰጠን ክፍል የስፖርት ዕቃ የሚቀመጥበት ነበር፤ መረብና የተነፈሱ ኳሶች ጥጉ ላይ ተከምረዋል። የመጣችልን ልጅ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። መምህርቷ እንደነገረችን ክፍል ውስጥ መናገር ካቆመች ሰንብታለች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ተማሪዬ ዝቅ ያለ ወንበር መርጣ ከልጅቷ እኩል ሆና ተቀመጠች። ስሟን ነገረቻት፤ ከጌጫ መምጣቷን ነገረቻት፤ ከዚያ ጠበቀች። እንደ ድሮው አድርጋ ነው የጠበቀችው። ልጅቷም ቀስ በቀስ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ።

ከዚያ ልጅቷ መናገር ጀመረች። ግን ወለሉን እያየች ነው፤ አንድ እጇም አፏ ላይ ነው። ድምፅዋ ሹክሹክታ ነው፤ እኔም በቅርብ ተቀምጬ ለመስማት ተቸግሬያለሁ። ስለ እንጀራ አባቷ ነበር። ተማሪዬ ከንፈሯን ለማየት ዝቅ አለች። ልጅቷ አንገቷን የባሰ ደፋች፤ እሷም የባሰ ዝቅ አለች፤ ፊቷ ከልጅቷ ጉልበት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ልጅቷ ደንግጣ ወንበሯን ወደኋላ ሳበችና ዝም አለች።

ተማሪዬ ቀና አለች። ወደ እኔ ዞረች። ምን ብላ እንደነበር በከንፈሬ ልነግራት አፌን ስከፍት ልጅቷ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን፤ ዓይኗ እንባ ሞላው። አፌን ዘጋሁ።

ተማሪዬ ከቦርሳዋ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቤት መሳል ጀመረች። ልጅቷም ከወንበሯ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ደወል እስኪደወል ሳሉ። ስትወጣ ልጅቷ በሩ ላይ ጀርባዋን እንደሰጠችን አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለችኝ ተማሪዬ።

«ነገም ትመጫለሽ ወይ ነው ያለችው።»

«ምን አልኳት እኔ?»

«ምንም አላልሽም። ሄዳለች።»

የልጅቷን ጉዳይ ያን ዕለቱን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ነገርኳቸው፤ አክስቷ ዘንድ እስክትወሰድም ተከታተልኩ። ተማሪዬ ግን በማግስቱ ጧት ገና ቢሮዬን ስከፍት በር ላይ ቆማ ነበር።

«ኮርሱን ልጣለው፣ መምህር። ድሮፕ ማድረጊያው ቀን አላለፈም።»

«አንድ ቀን ብቻ ነው የሞከርሽው። ሌላ ሰው እንፈልጋለን። የሚናገር ትልቅ ሰው፣ ፊት ለፊት የሚያይ...»

አፌን አልተከታተለችም፤ ምን እንደምል ታውቀዋለች። «ያቺ ልጅ ሁለተኛ እንድትናገረው መጠየቅ የለባትም» አለች። «አንዴ ለመናገር ስንት ጊዜ እንደታገለች አይተዋታል። እኔ ያን ቃል ጣልኩት። ከፊቴ ወድቆ አላነሳሁትም።»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«አይደለም። ግን ወደቀ።»

ፈረምኩላት።

ፕራክቲከም ያልወሰደ ተማሪ አይመረቅም። በሱ ፈንታ ጥናት እንድትሠራ እንዲፈቀድላት ኃላፊውም እኔም ጻፍን፤ ደጅ ጠናን። ጉዳዩ ከአንዱ ኮሚቴ ወደ ሌላው ኮሚቴ ሲንከባለል ሴሚስተሩ አለቀ። እሷ በዚያ መሐል ሌሎቹን ኮርሶች ትማር ነበር። መምህራኑ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲናገሩ እስኪዞሩ ትጠብቃለች፤ ጓደኞቿ ደብተር ያውሷታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ይራራላት ነበር። ግን ዶርም ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። የሆዳቸውን ነገር ጮኸው ሊነግሯት አልቻሉም፤ ጎረቤት ዶርም ይሰማል። ይኼን የነገረችኝ እሷ ራሷ ናት። «ይፈሩኛል መሰለኝ» አለች፤ ከዚያ ቃሉን ለወጠችው። «አይ፣ ያፍራሉ።»

የሴሚስተሩ ፈተና እንዳለቀ ትምህርት ለማቋረጥ አመለከተች። በመስከረም የመመለስ መብቷ እንዲጠበቅላት አድርጌ ሞላሁላት። ሊወስዷት የመጡት እናቷ ናቸው። ያን ጊዜ ሳያት ያረጀች መስላ ታየችኝና እኔም ከአንቺ ወደ እርስዎ ዞርኩ።

«አንተን ሆስፒታል አይቼሃለሁ» አሉኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«ልጄ ትምህርት ጨረሰች?»

«አልጨረሰችም። ታርፍና ትመለሳለች።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩና በሸክኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሲናገሩ እጃቸው አብሮ ይሄዳል። ልጅቷ በእጇ መለሰችላቸው። ሁለቱ መሐል የራሳቸው የሆነ ምልክት መፍጠራቸውን ያኔ ነው ያወቅኩት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ሻንጣዋን አንድ አንድ ጆሮ ይዘው ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው።

መጀመሪያ ላይ በስልክ መልእክት ትጽፍልኝ ነበር። ጌጫ ብርዱ እንዴት እንደሆነ፣ ማሩ እንደተቆረጠ፣ እናቷ እንደታመሙ፣ እንደዳኑ። መስከረም መጣ፤ ተማሪው ሁሉ ተመዘገበ፤ በቅጣት የሚመዘገቡትም ገቡ። የመጨረሻው ቀን ሬጅስትራሩ መስኮቱን እስኪዘጋ ተቀመጥኩ። «እናቴን ማን ይረዳል» የሚል መልእክት ከሳምንታት በኋላ ደረሰኝ። ከዚያም እያደር መልእክቱ ቀረ።

ፈቃዱ የመጣው እሷ ከሄደች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በፕራክቲከም ፈንታ ጥናት ሠርታ መጨረስ ትችላለች ተባለ። ስልኳ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ጧት በመኪና ወደ ቴፒ ሄድኩ፤ ከቴፒ በሌላ መኪና ወደ ጌጫ ወጣሁ። ሽቅብ በወጣን ቁጥር የቡናው ጥላ እየቀረ እንሰቱ እየበዛ፣ ጉሙም እየወፈረ መጣ። ሹራብ አለመያዜ ቆጨኝ።

የገበያ ቀን ነበር። እናቷን ማር ተራ አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ፤ «አስተማሪ!» ብለው የማር ቅላቸውን ለጎረቤታቸው ትተው ተነሡ። ቤታቸው ከገበያው ብዙ አይርቅም። በሩ ላይ ስንደርስ ተማሪዬ ጓሮ ጎመን ትቆርጥ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ልጅ አዝላለች። እናትየው በእግራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ፤ ዞረች። እኔን ስታይ ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

አግብታ ነበር። ባሏ ገበሬ ነው፤ ያን ቀን ደን ውስጥ ቀፎ ሊሰቅል ሄዷል። ጥሩ ሰው ነው አለችኝ፤ የእጅ ምልክታቸውንም ተምሯል። ድምፅዋ አሁን ከፍ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ልኩን ራሷ አትሰማውም። በወረቀት፣ በከንፈርና በእጅ አወራን። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አስተኛችው፤ አንድ መዳፏን ጀርባው ላይ አድርጋ አታነሳውም።

«እንደዚህ ካልያዝኩት ማልቀሱን አላውቅም» አለችኝ። «ማታ እናቴ ናት የምትቀሰቅሰኝ።»

ስለ ክፍል ጓደኞቿ ጠየቀችኝ። ማን ሥራ አገኘ፣ ማን አገባ። ወንድሙ ሱዳን የጠፋበት ልጅ ቱም ከተማ ተቀጥሮ እንደሚሠራ ነገርኳት፤ ደስ አላት። ስለ ወንድሙም ጠየቀች፤ እስከዚያ ቀን ወሬ አልተገኘም ነበር።

ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኳት። ፈቃዱን ጻፍኩላት፤ ደግማ ደግማ አነበበችው። እናቷ ከእኔ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እኔ ያያሉ። ሕፃኑን ይዘውላት እንደሚቆዩ በምልክት ነገሯት። እኔም ሚዛን ላይ እኔ ቤት ማረፍ እንደምትችል ጻፍኩላት።

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ፊቴን አየች። እንደ ድሮው የምታዳምጠኝ መሰለኝ።

«መምህር፣ ደከመኝ» አለች በዚያ ከፍ ባለ ድምፅዋ። «ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ማየት ይደክማል። ምን አለ፣ ምን አላለ እያሉ መገመት ይደክማል። ዲግሪውን ባገኘውስ ማን ዘንድ ቁጭ ብዬ ልሠራበት ነው? እኔ እኮ ያን ነገር ወድጄው ነበር።» ዓይኗ ሞላ፤ እንባውን ግን በሕፃኑ ምክንያት በትከሻዋ ነው የጠረገችው። «እዚህ የማየው የሦስት ሰው አፍ ነው። እሱን እችላለሁ።»

ልከራከራት ፈልጌ ነበር። አማካሪ ነኝ፤ ተማሪ ሲያቋርጥ መመለስ ሥራዬ ነው። ግን ጨርሳ ስላልነበረ ዝም ብዬ ጠበቅኩ።

«አይቀየሙኝ» አለች።

«አልቀየምሽም።»

«እዚህ ድረስ መጡ።»

«ላይሽም ነው የመጣሁት።»

ቆጮ በጎመን በልተን፣ ከማሩም እናቷ በላስቲክ ቋጥረውልኝ፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠኝ ወደ ገበያው ወጣን። መኪናው ሲንቀሳቀስ ልጇን እንዳቀፈች አጠገቡ ሄደች። «በሰላም ይግቡ!» አለች፤ ጩኸቱ ገበያተኛውን ሁሉ አዞረው። አንዳንዱ ሳቀ። እሷ አላወቀችም። እናቷ አውቀዋል፤ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ቀጥ ብለው ቆሙ። መስኮቱን ከፍቼ እስክትጠፋኝ እጄን አውለበለብኩ።

ሰኞ ጧት የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ።

«መጣች?»

«አልመጣችም።»

ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ቢሮዬን ራሱ ከፈተልኝ፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄደ። ምዝገባ ስለነበር ተማሪዎች ተሰልፈዋል። የመጀመሪያዋን ልጅ «ግቢ» አልኳት፤ ስትገባ በሩን ዘግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።